ደስ የሚለን ስለ ምንድን ነው?

የሚነበብ ክፍል፦ ነህምያ 8፥1-12፤ ዕንባቆም 3፥17-19፤ ሉቃስ 10፥17-20



ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው መንገድ፣ ኦሎምፒያ ላይ ሲመሽ የሚቆም ሰው ሁለት ነገር በአንድነት ያያል። በአንድ በኩል የሆቴሉና የምግብ ቤቱ መብራት፣ ሙዚቃና ሣቅ አለ። በሌላ በኩል በዚያው የእግረኛ መንገድ ላይ ልጇን አቅፋ የምትለምን እናት ተቀምጣለች። እሑድ ጠዋት ወደ ጸሎት ቤት ስንሄድ እኛም በዚሁ መንገድ እናልፋለን፤ ገብተንም እናጨበጭባለን፣ እንዘምራለን። ታዲያ በልባችን የሚመላለስ ጥያቄ አለ። ወገን ተርቦ ሳለ በእልልታ መዘመራችን ተገቢ ነውን? በየፕሮጀክቱ የተሰማሩ ሠራተኞቻችንም ይህን ጥያቄ በሌላ መልኩ ያውቁታል። ያዩት ችግር ብዙ፣ የሠሩት ጥቂት ሲሆንባቸው በመዝሙር ሰዓት አፋቸው ቢከፈትም ልባቸው ይዘጋል።

በዚህ ጥናት የምንማረው አንድ ነገር ነው። የክርስቲያን ደስታ ምክንያቱ ጌታ ራሱ ነው፤ ስለዚህ ችግር አያጠፋውም፣ እርሱም ችግረኛውን አያስረሳንም።

1ኛ/ ደስታችን ከጎተራ አይመነጭም

ነቢዩ ዕንባቆም በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ የሚጠፋውን ሁሉ በዝርዝር ያስቀምጣል። የዛፉ ፍሬ፣ የእርሻው እህል፣ የበረቱ ከብት ሁሉ ያልቃል። ይህ ዝርዝር ለእኛ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ የነበረውን ድርቅ ያዩ ሁሉ ዝርዝሩን በዐይናቸው አንብበውታል።

ነቢዩ ግን ረኀቡን ረኀብ አይደለም አላለም። በምዕራፍ 1 ላይ እንደምናነበው አስቀድሞ አቤቱታውን በእግዚአብሔር ፊት አፍስሷል። ደስታው የመጣው ኀዘኑን በመደበቅ ሳይሆን፣ ሁሉ ካለቀ በኋላ የሚያድነው አምላክ እንዳላለቀ በማየቱ ነው። ደስታው ከጎተራው ጋር ታስሮ ቢሆን ኖሮ ጎተራው ባዶ በሆነ ቀን አብሮ ባለቀ ነበር።

እዚህ ላይ ግን እንጠንቀቅ። ይህን ቃል ለተራበ ሰው በእህል ፋንታ መስጠት አይገባም። እንዲህ ያለውን ባዶ ቃል ያዕቆብ በምዕራፍ 2፥15-16 አጥብቆ ይነቅፋል። ዕንባቆም ስለ ራሱ ተናገረ እንጂ ሌላውን ዝም ለማሰኘት አልተናገረም።

2ኛ/ ደስታችን ከአዳራሽ አይመነጭም

በዚሁ በቦሌ አካባቢ የሆነውን እናስታውስ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን መነሻዋ የሜኖናይት ወንጌላውያን ከጣሊያን ወረራ በኋላ የጀመሩት የእርዳታ፣ የሕክምናና የትምህርት አገልግሎት ነበር። በናዝሬት ሆስፒታል፣ በቦሌም የጸሎት ቤት ነበራት። በጥር ወር 1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ቤተ ክርስቲያኒቱን ዘጋ። የጸሎት ቤቶቿና ንብረቷ ተወረሱ፤ መሪዎቿም ታስረው ለዓመታት ያለ ፍርድ ቆዩ።

በዚያን ጊዜ የነበሩት አባላት 5,000 ያህል ነበሩ። ምእመናኑ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ ሆነው መሰብሰብ ጀመሩ። እንዳይታወቅባቸው አንድ በአንድ ይገቡ፣ አንድ በአንድ ይወጡ ነበር። ዝማሬው በለሆሳስ ሆነ። እናቶችና እኅቶች በየቤታቸው የጸሎትና የማስተማር ኀላፊነት ተሸከሙ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወድቆ ቤተ ክርስቲያኒቱ በይፋ መሰብሰብ ስትጀምር አባላቷ 34,000 ያህል ሆነው ተገኙ።

ይህን ቁጥር የምንጠቅሰው ለመመካት አይደለም። አዳራሽ፣ የድምፅ ማጉያና የመዘምራን ልብስ በሌለበት ዘመን ሰዎች ለአምልኮ ሲሉ እስራትን ሊጋፈጡ እንደ ወደዱ ያሳየናልና ነው። ዛሬ እንደ ልባችን እንዘምራለን፤ ለዚህም እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ኪቦርዱ ዝም ይላል። ያን ጊዜ ጉባኤው አብሮ ዝም ካለ ደስታችን ከየት ይመነጭ እንደ ነበር ራሳችንን እንጠይቅ።

3ኛ/ ደስታችን ከሪፖርት አይመነጭም

ይህ ነጥብ በተለይ በመስክ ላይ ላሉ ሠራተኞች ነው። በሉቃስ 10 ላይ ጌታ የላካቸው ሰባው ደቀ መዛሙርት ሥራው ስለ ተሳካላቸው እጅግ ደስ ብሏቸው ተመለሱ። ጌታ ሥራቸውን አላቃለለም። ይሁን እንጂ የደስታቸውን ምክንያት ከሠሩት ሥራ አንሥቶ ስማቸው በሰማይ ወደ መጻፉ አዞረው።

ይህን ያደረገው ስለ ምን ይመስለናል? ሥራ ይሳካል፣ አንዳንዴም አይሳካም። የተቆፈረው ጉድጓድ ውኃ ላያወጣ፣ የተተከለው ችግኝ በበጋ ሊደርቅ፣ ሲታከም የቆየ ሕፃን ሊሞት ይችላል። ደስታው በሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ የቆመ አገልጋይ ሲሳካለት ይታበያል፣ ሳይሳካለት ይሰበራል። ስሙ በሰማይ እንደ ተጻፈ የሚያውቅ ግን ላልተሳካው ያለቅሳል፤ በማግሥቱም አካፋውን አንሥቶ ይወጣል።

4ኛ/ ደስታችን ድርሻ ይልካል

በነህምያ 8 ላይ ሕዝቡ የሕጉ መጽሐፍ ሲነበብ ሰምተው አለቀሱ። መሪዎቹ ግን ቀኑ ለጌታ የተቀደሰ ስለ ሆነ እንዳያዝኑ ነገሯቸው። በጌታ መደሰት ብርታት እንደሚሆናቸውም ገለጹላቸው። ከዚህ ቃል ጋር ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው ትእዛዝ አለ። የሚበሉትን በልተው፣ የሚጠጡትን ጠጥተው፣ ምንም ላልተዘጋጀለት ሰው ድርሻውን እንዲልኩ ታዘዙ። ሁለቱም በዚያው በቁጥር 10 ላይ ናቸው፤ ልንለያያቸው አይገባም።

ይህ ነገር በአገራችን የታወቀ ነው። በዓመት በዓል ቀን ለጎረቤት ሳህን ሳይልክ የሚበላ ቤት ይታማል። አባቶቻችንም ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል ይላሉ። ወንጌል ይህን ልማድ ከጎረቤት አልፎ ወደማናውቀው ሰው እንድናደርስ ያስተምረናል። በ2ኛ ቆሮንቶስ 8፥1-2 የመቄዶንያ ምእመናን ድሆች ሳሉ ደስታቸው ወደ ልግስና ሞልቶ ፈሰሰ።

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ የቆሙለት እውነት ከዚህ ጋር ይስማማል። ቤተ ክርስቲያናቸው በ1964 ዓ.ም. ለውጭ ረዳቶቿ በላከችው ደብዳቤ የወንጌል ስብከትና የልማት ሥራ ለአንድ ሰው የሚደረጉ ስለ ሆነ ሊነጣጠሉ እንደማይገባ አስረድታለች። ቄስ ጉዲና ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ከኦሎምፒያ ብዙ ከማይርቀው ከኡራኤል መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን አገልግለው ሲወጡ ተይዘው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። አምልኮና አገልግሎት እስከ መጨረሻው በአንድ ሕይወት ውስጥ አብረው ኖሩ።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ወገን ተርቦ ሳለ መዘመር ይገባልን? አዎን፣ ይገባል፤ የሚዘመርለት ጌታ አልተለወጠምና። ነገር ግን ዝማሬው ካለቀ በኋላ ድርሻ ያልላከ ጉባኤ የነህምያን ቃል ግማሹን ብቻ ሰምቷል። ድርሻ እየላከ መዘመርን የተወ አገልጋይም ብርታቱን ጥሎ ሸክሙን ብቻ ተሸክሟል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ/ ባለፈው ወር ደስ ያሰኘንን ነገር እያንዳንዳችን እንናገር። ያ ነገር ነገ ቢወሰድብን ምን ይቀርልናል?

ለ/ አዳራሻችን ቢዘጋ በማን ቤት፣ ከማን ጋር እናመልካለን? አሁንስ እነዚያን ሰዎች በስም እናውቃቸዋለንን?

ሐ/ በጸሎት ቤታችን አጠገብ ምንም ያልተዘጋጀለት ማን ነው? በሚመጣው እሑድ ድርሻውን ማን ያደርስለታል?

መ/ የፕሮጀክት ሠራተኞች ሳይሳካላቸው ሲመለሱ ጉባኤያችን እንዴት ይቀበላቸዋል?

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፣ የደስታችን ምክንያት አንተ ሁን። ስናለቅስ አትራቀን፤ ስንዘምርም ያልተዘጋጀለትን ወንድማችንን አታስረሳን። አሜን።