ስለ ፍሪሲዮን እጀታ ጎማ አወጣጥ

የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪ ስለ ሞተር ብስክሌት ጎማ ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው። ከመካከላችን ብዙዎቹ ከምረቃ በኋላ በየወረዳው ለማስተማር ወይም ለጽሕፈት ቤት ሥራ ይሰማራሉ፤ እዚያም ብዙ ጊዜ የሚጠብቃቸው በብዙ እጅ ያለፈ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ነው። ለምሳሌ ያህል ሲሬን እንውሰድ። ሲሬ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ፥ ባኮ ከታለፈ በኋላ፥ ነቀምቴ ለመድረስ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር የምትገኝ የወለጋ ከተማ ናት። ከአውራው መንገድ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ ለሚገባ መምህር፥ የጤና ሠራተኛ ወይም የእርሻ ባለሙያ «ዶቅዶቄ» እንደ እግሩ ናት። ክረምቱ ሲገባ ግን ዝናቡና ጭቃው ማንኛውንም የተደበቀ ጉድለት ያወጣዋል።

ፍሪሲዮን የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ መፋተግ ማለት ነው። ጎማ፥ ካቦ፥ ካቻቪቴ፥ ካላማዳሪ የሚሉት የጋራዥ ቃላትም ከዚያው ቋንቋ የተወረሱ ናቸው። ስሙም ሥራውን ይናገራል። በሞተሩ ውስጥ ያሉ ሳህኖች እርስ በርሳቸው ተጣብቀው በፍትጊያ ኃይል የሞተሩን ጉልበት ወደ ማርሽ ያስተላልፋሉ፤ ነጂው በመሪው ግራ በኩል ያለውን እጀታ ሲጨብጥ ካቦው ይሳባል፥ ሳህኖቹም ይላቀቃሉ። በቀኝ በኩል ያለው እጀታ የፊት ፍሬን ነው።

በእነዚህ እጀታዎች ላይ ሁለት ዓይነት የጎማ ሽፋን ይገኛል። አንደኛው ጣት የሚያርፍበትን ክፍል እንደ ካልሲ የሚያለብሰው ነው። ሁለተኛው እጀታው የሚታጠፍበትን ብሎንና የካቦውን ጫፍ የሚሸፍነው ኮፍያ ነው። ሁለቱም አቧራን ይከላከላሉ። ዳሩ ግን ጎማው ሲያረጅ አፉ ይላላና ዝናብ ያስገባል፤ የገባው ውኃ ደግሞ በቀላሉ አይወጣም። ከሥር ያለው አሉሚኒየም ነጭ ዱቄት እያወጣ ይበላል፤ የብረቱ ብሎንና የካቦው ክሮችም ይዝጋሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ከላይ የሚታየው ደኅና ጎማ ብቻ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው መሆኑ ነው። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ለመቀየር ሲጨበጥ እጀታው ቢሰበር ወይም ካቦው ቢበጠስ፥ ሞተሩን ከኋላ እግሩ ማለያየት አይቻልም። በስተኋላ የክትባት ሣጥን ወይም ሰው ተጭኖ ከሆነ ጉዳቱ የነጂው ብቻ አይሆንም።

እንግዲህ ጎማው እንዴት ይወጣል? አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ጫፉን ይዞ በኃይል መሳብ ነው። ይህ ግን የጎማን ጠባይ አለማወቅ ነው። ጎማ ሲሳብ ይረዝማል፤ ሲረዝም ይቀጥናል፤ ሲቀጥን ደግሞ በውስጡ ያለውን ነገር ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል። ከወደ ኋላው ሲገፋ ግን ያጥራል፥ ይሰፋልም። የካላማዳሪ ቁራጭ ጣት ላይ አጥልቆ ሁለቱንም መሞከር ነገሩን ወዲያው ያሳያል። ስለዚህ ዋናው ብልሃት መጎተት ሳይሆን በጎማውና በብረቱ መካከል ፍትጊያን የሚቀንስ ነገር ማስገባት፥ ከዚያም መግፋት ነው።

ሥራው በቅደም ተከተል እንዲህ ነው።

1. ሞተሩን አጥፍቶ ብስክሌቱን በደልዳላ ቦታ ማቆም። ጭቃው ከጎማው ጋር እንዳይገባ እጀታውን አስቀድሞ ማጠብ።

2. በጎማው ላይ ሙቅ ውኃ ማፍሰስ። ሙቀት ጎማውን ያለሰልሰዋል። እሳት ማስጠጋት ግን ክልክል ነው።

3. በብሎኑ በኩል ያለውን አፉን እንደ ካልሲ ወደ ኋላ ማጠፍ፤ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ ቀጭን ዘንግ ከሥሩ አስገብቶ ዙሪያውን ማላቀቅ፤ በተከፈተውም ቦታ የሳሙና ውኃ ማንጠባጠብ።

4. ጎማውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየጠመዘዙ ወደ እጀታው ጫፍ መግፋት። እምቢ ካለ ወደ ጎሚስታ ወስዶ የአየር ቱቦውን በአፉ ሥር ማስነፋት ነው፤ አየሩ ጎማውን ይነፋውና ከብረቱ ያላቅቀዋል። በዚህ ጊዜ ዓይንን መጠበቅ ያስፈልጋል።

5. ለኮፍያው ደግሞ የካቦውን ማስተካከያ ማላላት፤ በማስተካከያው፥ በቀለበቱና በመያዣው ላይ ያሉትን ስንጥቆች አንድ መስመር ላይ ማድረግ፤ ካቦውን በስንጥቁ አውጥቶ ጫፉን ከእጀታው ማላቀቅ፤ ከዚያም ዳዶውንና ብሎኑን ፈትቶ እጀታውን ማውጣት። ካቦው በኮፍያው ውስጥ የሚያልፍ ስለሆነ፥ ሲገጠም ኮፍያው ከሁሉ አስቀድሞ ካቦው ላይ መግባት አለበት።

በቤንዚን፥ በዘይት ወይም በግራሶ ማሟሸት ለብዙዎች የሚቀል ይመስላል። ነገር ግን የተፈጥሮ ጎማ የነዳጅ ዘር የሆነውን ሁሉ ይመጣል፥ ያብጣል፥ ይበሰብሳልም፤ የቀረው ቅባትም በኋላ ጎማው ከጣት ጋር እንዲንሸራተት ያደርገዋል። የሳሙና ውኃ ግን ታጥቦ ይሄዳል፤ አልኮልም ተንኖ ይጠፋል።

ጎማው ደርቆ የተሰነጣጠቀ ከሆነ በእርሱ መድከም አያስፈልግም። ጥሬ ጎማ በሙቀት የሚጣበቅ፥ በብርድ የሚሰበር ነገር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1839 ቻርልስ ጉድይር የተባለው አሜሪካዊ ከድኝ ጋር ማሞቅ እንደሚያጠነክረው ደረሰበት። የጠነከረውም ቢሆን ከዘመን ብዛት በፀሐይና በአየር ይደርቃል፤ የደረቀውን ወደ ልስላሴው የሚመልስ ሳሙና የለም። እንዲህ ያለውን በምላጭ በርዝመቱ መቅደድ ነው፤ ምላጩ ከያዘው እጅ ወደ ውጭ ይሂድ፥ አሉሚኒየሙንም አይጫር፤ የስብራት መጀመሪያ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ጭረት ነውና። ካላማዳሪ ጠምጥሞ በሽቦ የታሰረ እጀታ ሲገኝም ሽቦውን በፒንሳ ቆርጦ ይህንኑ ማድረግ ይገባል።

ጎማው ከወጣ በኋላ እውነተኛው ትምህርት ይጀምራል። እጀታውን አጥቦና አድርቆ በብርሃን መመልከት፤ በተለይ በብሎኑ ቀዳዳ ዙሪያ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩን መመርመር ያስፈልጋል። ቀዳዳው ሞላላ ከሆነ ተበልቷል። ከካቦው ክሮች አንዱ እንኳ ተበጥሶ ከተገኘ ሌሎቹ ይከተሉታልና ካቦው ይለወጥ። ስንጥቅ ያለበት እጀታ ይጣል፤ የተጣመመውንም በመዶሻ ማቅናት አሉሚኒየሙን ይሰነጥቀዋል። ደኅና ሆኖ ከተገኘ ግን ነጩን ዱቄት በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አጽድቶ፥ ለብሎኑ ብቻ ጥቂት ግራሶ ቀብቶ መግጠም ነው። በመጨረሻም ካቦው በጣም እንዳይወጠር፥ በብዙዎቹ ሞተር ብስክሌቶች እጀታው ጫፉ ላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ያህል በነጻ መንቀሳቀስ አለበት፤ የፋብሪካው መጽሐፍ ሌላ ቢል እርሱ ይበልጣል።

ጎማውን መልሶ ማልበስ እንደ ባለቤቱ ፈቃድ ነው። እጀታው ያለ እርሱም ሥራውን ይሠራል። የሚያለብሰው ሰው ግን ዝቅ በሚለው በኩል ውኃ የሚወርድበት ትንሽ ቀዳዳ ይብሳለት፤ በየዓመቱም ሰኔ ሳይገባ በግንቦት አውልቆ ይመልከት።