«ተፈጥሮው ነው» ተብሎ የታለፈ ሕመም

ጥያቄ፦ ወንድሜ ዳውን ሲንድሮም አለበት፤ ዕድሜው 34 ነው። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ምግብ እንቢ ይላል፣ ጉንጩን ይመታል፣ ሌሊት አይተኛም። ጤና ጣቢያ ወስጄው «ተፈጥሮው ነው» ተብለን ተመለስን። አንዲት ሲስተር ብቻ «መልሰሽ አምጪው» አለችኝ። ነርስ በዚህ ምን ልትረዳን ትችላለች?
እህቱ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሲስተሯ ልክ ናት፤ ሳይውል ሳያድር ይመለሱ። ዳውን ሲንድሮም ከልደቱ ጀምሮ አብሮት አለ፤ ጉንጩን መምታት የጀመረው ግን አሁን ነው። ሕመሙን መናገር የሚከብደው ሰው በጠባዩ ያሳያል። ስለዚህ መጀመሪያ ጥርሱ፣ ድዱና ጆሮው ይታዩለት። የሆድ ድርቀትና ቃርም ምግብና እንቅልፍ ይከለክላሉ። ዳውን ሲንድሮም ባለባቸው አዋቂዎች የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ በብዛት ስለሚታይ የደም ምርመራም ያስፈልገዋል። ምክንያቱ ሳይፈለግ ማረጋጊያ መድኃኒት አይጀመርለት።

ነርሷ ብዙ ማድረግ ትችላለች። ስትመዝነው ክብደቱ መቀነሱን ታያለች። «ከድሮው ምን ተለወጠ?» ብላ እርስዎን ጠይቃ ካርዱ ላይ ትጽፋለች፤ ለሐኪሙም «ይህ አዲስ ነው» ብላ ታስረዳለች። ወረፋና ጫጫታ ካስጨነቀው ሰው በሚቀንስበት ሰዓት ትቀጥረዋለች፤ የደም ግፊት መለኪያውን አስቀድማ በእርስዎ ክንድ ላይ አስራ ታሳየዋለች። ራሱንም በቀጥታ ታናግረው፤ ትልቅ ሰው ነውና።

ይህን መጠየቅ ውለታ መለመን አይደለም። ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት እኩል ጥራት ያለው ሕክምና የማግኘት መብት ይሰጠዋል። በእንግሊዝ ለምሳሌ እንደ ወንድምዎ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች ብቻ የሚሠለጥኑ ነርሶች አሉ፤ ከ14 ዓመት ጀምሮም በየዓመቱ ሙሉ የጤና ምርመራ ይደረግላቸዋል።

ሲሄዱ አንድ ገጽ ጽፈው ይያዙ፦ ሲያመው ምን እንደሚያደርግ፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ ምን እንደሚያረጋጋው፣ የሚወስደውን መድኃኒትና ለውጡ የጀመረበትን ቀን። ውኃ መጠጣት ካቆመ፣ ፊቱ ካበጠ፣ ካተኮሰው፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም መተንፈስ ካስቸገረው ቀጠሮ ሳይጠብቁ የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ይውሰዱት።

ከዳነ በኋላም የታይሮይድ፣ የጆሮና የዓይን ምርመራው በየጊዜው እንዲደገም ከሲስተሯ ጋር ቀጠሮ ይያዙ።