ምንጩን ከመንካታችሁ በፊት ገደሉን አንብቡ

በላስታ ምንጭ የምታጎለብቱና የእጅ ጉድጓድ የምትቆፍሩ ባለሙያዎች፣ ዶማ ከማንሳታችሁ በፊት ከገደሉ ማዶ ቆማችሁ ተመልከቱ። ከአቡነ ዮሴፍ እስከ ተከዜ ሸለቆ ደረጃ ሠርቶ የሚወርደው ተራራ፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ላቫ በላቫ ላይ እየፈሰሰ የተነባበረ ነው። የእያንዳንዱ ንብርብር መካከል ጠጣር ጥቁር ድንጋይ ስለሆነ ስንጥቅ ከሌለው ውሃ አያሳልፍም። ውሃ የሚያድረው በተሰባበረውና ቀዳዳ በበዛበት አናቱ ነው። በሁለት ንብርብር መካከል ብዙ ጊዜ ቀይ ሸክላ አለ። ከላይ የሰረገው ውሃ ሸክላው ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ይሄድና ገደሉ በተቆረጠበት ይወጣል። ምንጮች በአንድ ከፍታ ተሰልፈው ካያችሁ፣ ያ የሸክላው መስመር ነው። ጉድጓድ ስትቆፍሩም ውሃ አግኝታችሁ ከሥሩ ቀይ ሸክላ ከመጣ እዚያ ላይ አቁሙ፤ ከበሳችሁት ውሃው ወደ ታች ሊሰርግባችሁ ይችላል።

ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ሁሉ ውሃ አይሰጥም። ቀዳዳዎቹ ካልተገናኙ ወይም በነጭ ማዕድን ከተደፈኑ የያዙትን አይለቁም።

ከሁሉ አጥብቄ የምለምናችሁ የምንጩን ዓይን እንዳታስጨንቁት ነው። ግንቡ ውሃውን ከዓይኑ በላይ ካቆረው፣ ውሃው በሌላ ስንጥቅ ሾልኮ ይጠፋል፤ ከጠፋ መመለሱ ከባድ ነው። የመውጫውም የትርፍ ውሃ ማስወገጃውም ቧንቧ ከዓይኑ ዝቅ ይበል። ድማሚትማ በአጠገቡ ፈጽሞ አይታሰብ።

በመስከረም ለክታችሁ ለሕዝቡ ቃል አትግቡ። መለካት ያለበት በግንቦት፣ ክረምት ሳይገባ ነው። የ20 ሊትር ጀሪካን በ40 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ ግማሽ ሊትር፣ በቀን 43,200 ሊትር ይሆናል፤ ለአንድ ሰው 25 ሊትር ብትመድቡ ለ1,728 ሰው ይደርሳል። ይህ የሚሆነው ግን የሌሊቱን ውሃ የሚይዝ ማጠራቀሚያ ከተሠራ ነው። ያለ ማጠራቀሚያ፣ እናቶች ሲነጋ የሚሰለፉት ሌሊቱን ሙሉ ወደ ገደል ሲፈስ ባደረ ምንጭ ላይ ነው።

ስንጥቅ ድንጋይ ውሃን ፈጥኖ ያሳልፋል እንጂ እንደ አሸዋ አያጣራም። ስለዚህ ከምንጩ በላይ ያለውን ተዳፋት እስከ አናቱ ውጡና ፈትሹት። መጸዳጃ ቤት ወይም የከብት በረት ካለ 30 ሜትር ራቀ ብላችሁ አትመኑ። ከባለቤቱ ጋር ተነጋግራችሁ ቦታ አስለውጡ፤ የውሃውም ናሙና ሳይመረመር ቧንቧው አይከፈት።