የብርቱካን ልጣጭ ለሚደልቡ ጠቦቶች

ወጣት፦ አባቴ ሆይ፣ እዚህ አዳማ ከጭማቂ ቤቱ በየማለዳው በጋሪ ወጥቶ ገደል የሚደፋውን የብርቱካን ልጣጭ ባየሁ ቁጥር፣ ለፋሲካ የማደልባቸው ጠቦቶች ይመገቡት ይሆን እያልሁ አሰላስላለሁና፣ እባክዎ ያስረዱኝ።

አረጋዊ፦ መልካም ጠየቅህ፣ ልጄ። መድኃኔ ዓለም ሕዝቡን በምድረ በዳ ካጠገበ በኋላ የተረፈው ፍርፋሪ እንዳይጠፋ ማዘዙን ስናስብ፣ ጥቂት ትጋት ቢታከልበት ሥጋ የሚሆነውን ምግብ ገደል መስደድ ለምእመን አይገባውም። በግ የሚያመሰኳ እንስሳ ነውና፣ ለእኛ የማይስማማንን ልጣጭ በጨጓራው ያሉት ረቂቃን ተሕዋስያን አብላልተው ኃይል ያደርጉለታል፤ ከኃይሉም ጉልህ ድርሻው ፔክቲን ከሚባል ንጥረ ነገር የሚገኝ ስለሆነ፣ እንደ በዛ እህል ጨጓራውን በድንገት አያኮመጥጠውም።

ወጣት፦ እንግዲያስ ልጣጩን ብቻ እስኪጠግቡ ባበላቸው ይደልባሉን?

አረጋዊ፦ አይደልቡም። ልጣጩ ኃይል ቢሰጥም፣ ከደረቁ 100 እጅ ፕሮቲኑ 6 ወይም 7 ብቻ ነውና፣ 30 ገደማ በያዘው የኑግ ፋጉሎ ካልደገፍኸው ሥጋ አይገነባም። ደግሞም ካልሲየሙ ብዙ፣ ፎስፈረሱ ጥቂት ነው፤ በስንዴ ፉርሽካ ግን ፎስፈረሱ ይበዛልና፣ ሁለቱ ሲቀላቀሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

ወጣት፦ መጠኑስ?

አረጋዊ፦ 20 ኪሎ የሚመዝን ጠቦት በቀን 800 ግራም ያህል ደረቅ መኖ ይበላል፤ ከዚህ ሩቡ፣ ማለትም 200 ግራሙ፣ ልጣጭ ቢሆን ይበቃል። እርጥቡ ልጣጭ ከ100 እጅ 80 ያህሉ ውሃ ስለሆነ፣ ይህ በእርጥቡ ሲመዘን 1 ኪሎ ነው። የቀረውን ድርቆሽ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ይሙላው፤ ጨውና ንጹሕ ውሃም አይለያቸው። በመጀመሪያው ቀን ከአንድ ጭብጥ አታሳልፍ፤ ጨጓራቸውም አፋቸውም እስኪለምደው በ2 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ጨምርላቸው።

ወጣት፦ በአንድ ቀን ከሚበሉት ቢተርፍስ?

አረጋዊ፦ ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው። እርጥብ ልጣጭ በሙቀት ፈጥኖ ይሻግታል፤ ሻጋታውም መርዝ ሊያፈራ ይችላልና፣ የሻገተውን ቅበረው፣ ከመልካሙም ጋር አትደባልቀው። የተረፈውን በዚያው ዕለት ከትፈህ በሸራ ላይ አሳስተህ አስጣው፤ ክረምት ከሆነ ግን ውሃውን ከሚመጥ የተቆራረጠ ገለባ ጋር ቀላቅለህ፣ አየር እንዳይገባው በጉድጓድ ጠቅጥቀህ ከድነው፣ ገፈራ ይሆንልሃል።

ወጣት፦ መድለባቸውን በምን ልወቅ?

አረጋዊ፦ በሚዛን። በየሳምንቱ በማለዳ፣ መኖ ሳይቀምሱ መዝናቸው፤ ክብደታቸው ካልጨመረ ልጣጩን ከማብዛትህ በፊት ፋጉሎውን መርምር፤ የልጣጩ በነጻ መገኘት የጠቦቱን ጉድለት አይሸፍንምና።