ሰው የሚያልፍበት ድልድይ

ገላን ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው «ለዕረፍት ፎቶ ላነሳ ልወጣ ነው» ሲል ጎረቤት የሚገምተው ቢሾፍቱን ነው፤ ሐይቅ፣ ዓሣ ጥብስ፣ ሐይቁን ጀርባ አድርጎ አንድ ፎቶ። «ድልድይ ላነሳ ደብረ ሊባኖስ» ያለ ቀን ግን «የምን ድልድይ? አቃቂ ላይ ሞልቶልህ የለም እንዴ!» ይባላል። እኔም ተብያለሁ።

በአሜሪካና በአውሮፓ ገጠር ለዕረፍት የሚዞሩ ፎቶ አንሺዎች አጥብቀው የሚፈልጉት ጣሪያ የለበሰውን የእንጨት ድልድይ ነው። ጣሪያው የተሠራው ለመንገደኛው ታስቦ አይደለም፤ ለእንጨቱ ነው። ዝናብ የሚመታው ወራጅ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ጣሪያ ግን ሲያረጅ ተነሥቶ በሌላ ይተካል። ስዊዘርላንድ ሉሰርን ከተማ ያለው እንዲህ ያለ ድልድይ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ዝናቡን ችሎ ኖረና እ.ኤ.አ. በ1993 አብዛኛውን አካሉን የበላው እሳት ሆነ። የእኛ የጥንቶቹ ከድንጋይና ከኖራ ስለሆኑ ጣሪያ አልፈለጉም። ስለዚህ ፎቷቸው የሚያምረው የድንጋዩ ገጽ ሲታይ ነው፤ ድንጋይን የሚያሳየው ደግሞ ከጎን የሚመጣ ብርሃን ነው።

ደብረ ሊባኖስ አጠገብ ያለውን ቅስት ድልድይ ሰዉ «የፖርቱጋል ድልድይ» ይለዋል፤ ያሠሩት ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የአፄ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው። ኖራው በሰጎን እንቁላል ቅርፊት ተለውሷል የሚል ወግም አለ። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ይህ ድልድይ አንድ ግራጫ ግድግዳ ነው። ጠዋት ብርሃኑ አግድም ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ድንጋይ የራሱን ትንሽ ጥላ ይጥላል፤ የግንበኛው እጅ የት እንደጠበቀና የት እንደላላ ሳይቀር ይለያል።

ያ ብርሃን እኛ ጋ አይቆይም። ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ በሰዓት ወደ 15 ዲግሪ ከፍ ትላለች። በሰሜን አውሮፓ አጋድማ ስለምትወጣ ለስላሳው ብርሃን ረዘም ይላል። እዚህ ግን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ያልሠራ ሰው እስከ ማታ 11 ሰዓት ቡናውን ቢጠጣ ይሻለዋል። ከገላን ተነሥቶ አዲስ አበባን ከደቡብ እስከ ሰሜን አቋርጦ፣ ከዚያ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ በጎሕ መድረስ አይሆንም። የመንገዱን ሁኔታ አስቀድሞ ጠይቆ በቀን ሄዶ እዚያው ማደር ነው የሚያዋጣው።

ስልክም ቢሆን ይበቃል። ችግሩ ከቅስቱ ሥር ያለው ጨለማና ከበላዩ ያለው ሰማይ አንድ ላይ አለመታየታቸው ነው፤ ስልኩ ለጨለማው ካዘነ ሰማዩ ነጭ ወረቀት ይሆናል። ስክሪኑ ላይ ብርሃን ያረፈበትን ድንጋይ በጣት ነክቶ ይዞ መቆየት፣ ከዚያም የብርሃኑን መጠን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ነው። ጥላው ይጥቆር፤ ድልድይ ሥሩ ጨለማ ቢሆን የሚቀየም የለም። የሚቆሙበትም ቦታ ለውጥ ያመጣል። ፊት ለፊት የተነሣ ድልድይ ሥዕል የተለጠፈበት ሰሌዳ ይመስላል፤ ወደ ጎን ዞር ብለው ወንዙ ዳር ዝቅ ካሉ ውፍረቱም ርዝመቱም ይመጣል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ሰው እስኪሻገር መጠበቅ ነው፤ ብዙዎቻችን የምንሰንፈውም እዚህ ላይ ነው። ማንም ያልተሻገረው ድልድይ መጠኑም ሥራውም አይታወቅም። አባይ ላይ ጎጃምንና ጎንደርን የሚያገናኘው፣ በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ተቆርጦ «ሰባራ ድልድይ» የሚል ስም ወጣለት። ሰዉ ክፍተቱን በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ያ መጎተት በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በፎቶ ወጣ፤ ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2001 ፎቶውን አይቶ ድልድይ የሚሠራ ድርጅት አቋቋመ፤ በቀጣዩ ዓመትም ሰባራው ተጠገነ። ኋላ ጎርፍ ቢያፈርሰው በተንጠልጣይ ድልድይ ተተካ። ፎቶ አንሺው ባዶውን ቅስት ብቻ አንሥቶ ቢሄድ ኖሮ የሚያሳዝን ፍርስራሽ ይታይ ነበር እንጂ የሚሻገር ሰው ችግር አይታይም ነበር።

ስለ ፈቃድ ደግሞ፦ ትልልቆቹን ድልድዮች፣ በተለይ የአባይ በረሃውን፣ ጥበቃ ስላለባቸው ዝም ብሎ ማንሳት ያስጠይቃል። ሰውን ለማንሳት ግን መጀመሪያ ሰላምታ ነው፤ «እንደምን አደሩ አባባ፣ ሲሻገሩ ላንሳዎት?» ሲባሉ እምቢ የሚሉ ጥቂት ናቸው። ፎቶውን ማሳየትም አይረሳ።

ልምምዱን እኔ የምሠራው እዚሁ ነው። ከመጨረሻዎቹ ብሎኮች ጀርባ፣ እርሻው በሚጀምርበት የእግር መንገድ ላይ፣ ቦዩን የሚያሻግር አንድ የኮንክሪት ቁራጭ ተጋድሟል። ኅዳር ላይ ጤፉ ሲታጨድ ጭድ የተጫኑ አህዮች በዚያ ያልፋሉ። ባለፈው ፊተኛዋ አህያ ቁራጩን ስትረግጥ ቆመች፤ ነጂዋ ልጅም ቆመ፤ እኔም ተንበርክኬ ቆየሁ። ፀሐይ ከጎን ጭዱን ወርቅ አስመስላዋለች፤ ከኋላ ያሉት እየተገፋፉ ነው። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ ስልኩን ፈርታ ነው፤ እስክታልፍ ዝቅ ያድርጉልኝ» አለኝ። ዝቅ አደረግሁት። አለፈች።