የአፖ ደሴት ዓሣ አጥማጆች

ኮራል ከባሕር ውስጥ የሚወጣ ድንጋይ ነው። ለጌጥ ሲሆን መርጃን የሚሉት ዶቃ ከእርሱ ወገን ነው፤ በምጽዋም ያሉት የጥንት ቤቶች የተሠሩት በኮራል ድንጋይ ነው። ነገር ግን ይህ ድንጋይ እጅግ ታናናሾች የሆኑ ፍጥረቶች በብዙ ዘመን የሠሩት ቤት ነው። ግዙፉ ዓይነት በዓመት ከአንድ ጣት ስፋት የበለጠ አያድግም። ዓሣም በዋሻው ይሸሸጋል፥ ይመገባል፥ ይራባል። እንግዲህ ኮራልን የሚሰብር ሰው የዓሣውን ማደሪያ ማፍረሱ ነው።

በፊሊፒንስ አገር ብዙ ዓሣ አጥማጆች እንዲህ ያደርጉ ነበር። ድማሚት ወደ ባሕር ጥለው የሞተውን ዓሣ ይለቅማሉ፤ ኮራሉም አብሮ ይደቅቃል። ይህን ማድረጋቸው ከክፋት አልነበረም፤ ልጁ የተራበበት ሰው የሚያስበው የዛሬውን ራት ነውና። እንዲህ ያለውን ሰው «የባሕሩ ውበት እንዳይጠፋ ተጠንቀቅ» ቢሉት ምን ይጠቅመዋል?

በዚያው አገር በሲሊማን ዩኒቨርሲቲ አንጀል አልካላ የተባሉ የባሕር ፍጥረት ሊቅ ነበሩ። በእርሳቸው ምክር በ1974 በአውሮፓ አቈጣጠር ሱሚሎን በምትባል ደሴት ዳርቻ ዓሣ የማይጠመድበት ክልል ተለየ፤ ዓሣውም በዛ። ኋላም የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ወደ አፖ ደሴት ሄደው ሦስት ዓመት ያህል ከሕዝቡ ጋራ ተመካከሩ። ከአጥማጆቹም አንዳንዶቹን ወደ ሱሚሎን ወስደው የበዛውን ዓሣ አሳዩአቸው። ከብዙ ስብከት ይልቅ ይህ ማየት ሳይበልጥ አልቀረም።

በ1982 ዓሥራ አራት ቤተ ሰቦች ተስማምተው ከባሕራቸው ጥቂቱን ከለሉ። ክልሉ አንድ ሰው በዳር ተቀምጦ ሊጠብቀው የሚችል ትንሽ ስፍራ ነው፤ እነርሱም ያለ ደመወዝ በየተራ ጠበቁት። ዓሣ ድንበር አያውቅምና በክልሉ ውስጥ የበዛው ወደ ውጭ እየወጣ በአጥማጆቹ መረብ መግባት ጀመረ። ይህን ያዩ ሌሎችም ተጨመሩ፤ በደሴቲቱም ዙሪያ ሁሉ ድማሚትና መርዝ ተከለከለ። ከውጭ አገር የሚመጡ ጎብኚዎች የሚከፍሉት ገንዘብ ኋላ የመጣ በረከት ነው እንጂ መጀመሪያ ሰዎቹን ያነሣሣቸው እርሱ አይደለም።

በሱሚሎን ግን ጥበቃው በ1984 ፈረሰ። ምክሩ ከውጭ የመጣ ነበረና በዚያ በሚያጠምዱት ልብ ሥር አልሰደደም ነበር። ድማሚቱ ተመለሰ፤ ሁለት ዓመትም ሳይሞላ አጥማጆቹ የሚያገኙት ዓሣ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ክልሉን ጥሰው የገቡት ለትርፍ ነበር፤ ያገኙት ግን ጉዳት ሆነ።

በታኅሣሥ ወር 2011 በአፖ ላይ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ተነሥቶ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የተጠበቀውን ኮራል ሰባበረው። ያን ጊዜ «ከእንግዲህ የሚጠበቅ ምን አለ?» ለሚል ሰው ምክንያት ነበረው። ስፍራው ግን ኮራሉ እስኪያገግም ድረስ ለጎብኚዎችም ጭምር ተዘጋ።