ቁርጥራጭ ብረት፦ ሌባው ይታሰራል፣ ሚዛኑ ግን ይሠራል

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 11 ቀን 2022 በኬንያ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር የተሸከሙ ማማዎች ወድቀው አገሪቱ በጨለማ ተዋጠች። መንግሥት አደጋውን የማማዎቹን ብረት እየፈቱ ከሚሸጡ ሌቦች ጋር አያያዘው። ከዘጠኝ ቀን በኋላም ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የቁርጥራጭ ብረት ግዥ፣ ሽያጭና ኤክስፖርት እንዲቆም አዘዙ። እገዳው በሜይ ወር ተነሣ። የሚያስገርመው፣ ኬንያ ነጋዴውን በፈቃድ የሚያስተዳድር የቁርጥራጭ ብረት ሕግ ያወጣችው ቀደም ብላ በ2015 መሆኑ ነው።

ሕግ እያለ ስርቆቱ ለምን አይገታም? አንደኛው ምክንያት የዕቃው ጠባይ ነው። የተሰረቀ መኪና የሻንሲ ቁጥር አለው። ፕላስቲኩ ተቃጥሎ የተራቆተ መዳብ ግን የማን እንደሆነ አይናገርም፤ ማቅለጫ ከገባ በኋላ ደግሞ ለፖሊስ የሚተርፍ ማስረጃ የለም። ሁለተኛው የሒሳብ ጉዳይ ነው። ሕጉ የሚያሰላው የደረሰውን ጉዳት ሲሆን ሌባው የሚያሰላው ኪሎውን ነው። የኪሎውን ዋጋ የሚወስነው ደግሞ የዓለም ገበያ እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም።

በአገራችንም የቴሌኮሙኒኬሽንና የኤሌክትሪክ ኃይል አውታሮችን ደህንነት ለመጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 464/1997 ከባድ እስራት ደንግጓል። ይሁን እንጂ የማማ ብረትና የመዳብ ገመድ መሰረቁ አልቆመም። ቅጣት የሚሠራው የመያዝ ዕድል ሲኖር ነው፤ ሰው በሌለበት ገደል ላይ የቆመን ማማ ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቅ ማን ነው?

እንግሊዞች ይህን ካዩ በኋላ ፊታቸውን ወደ ገዢው አዞሩ። የ1964ቱ ሕጋቸው ነጋዴው የሻጩን ስም እንዲመዘግብ ያዝዝ ነበር፤ ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ስለነበረ ግን ሻጩ የፈለገውን ስም ሰጥቶ ይሄዳል። ከዲሴምበር 3 ቀን 2012 ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ መክፈል ተከለከለ። የ2013ቱ ሕግ ደግሞ ፈቃዱን አጠበቀ፣ የሻጩን ማንነት ማረጋገጥንም ግዴታ አደረገ። በተከታዮቹ ዓመታት ስርቆቱ ከግማሽ በላይ ቀነሰ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በፌብሩዋሪ 2011 በቶን ከ10,000 ዶላር በላይ የነበረው የመዳብ ዋጋ በጃንዋሪ 2016 ከ4,500 ዶላር በታች ወርዷል። ለስርቆቱ መቀነስ ምስጋናው ለሕጉ ነው ወይስ ለገበያው? የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ2015 ያወጣው ጥናት የዋጋውን ለውጥ ለይቶ ካሰላ በኋላም እርምጃዎቹ የራሳቸው ውጤት እንደነበራቸው አመልክቷል። ሆኖም በ2019 ገደማ ፓላዲየምና ሮዲየም ሲወደዱ ሌቦቹ ከመኪና ጭስ ማውጫ ላይ ካታሊቲክ ኮንቨርተር መቁረጥ ያዙ።

ይህ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ መልኩ ይለወጣል። ቆራሌው በየደጃፉ ለሚገዛው የዛገ ድስትና ቆርቆሮ በባንክ ክፈል ማለት ሥራህን ተው እንደ ማለት ነው። የኬንያ ዓይነት ጠቅላላ እገዳ ከመጣም ቀድሞ የሚራበው እርሱና ከጥራጊ ብረት ምድጃ የሚሠራው የመርካቶ ቀጥቃጭ ናቸው፤ ሌባው እገዳው እስኪነሣ ብረቱን ቀብሮ ሊጠብቅ ይችላል። ቁጥጥሩ የሚያዋጣው ጭነቱ ከተጠራቀመ በኋላ ነው። ከምናለሽ ተራና ከመሰሎቹ ተሰብስቦ በመኪና የሚጫነው ብረት የሚራገፈው በማቅለጫ ፋብሪካዎች በር ላይ ነው፤ እነዚህ በሮች ደግሞ ከቆራሌዎቹ ቁጥር ጋር ሲነጻጸሩ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እዚያ ክፍያው በባንክ ብቻ ቢሆን፣ የማማ አንግልና የባቡር ሐዲድ ያለ ባለቤቱ ደብዳቤ የማይመዘን ቢሆን፣ ወጪው ከአንድ ሂሳብ ሠራተኛ ደመወዝ ብዙም አይበልጥም።

መዳቡ ግን በዚያ በር አያልፍም። መዳብ የብረቱን ጥራት ስለሚያበላሽ ብረት አቅላጮች አይፈልጉትም። በአንድ ማዳበሪያ ከረጢት ተይዞ ወደ ትንሽ ማቅለጫ ወይም ወደ ድንበር ሊሄድ የሚችል ዕቃ ነው። ለእሱ የትኛው በር ላይ ሚዛን እንደሚጠበቅ ገና መልስ አልተገኘለትም።